የአራስ ትኩስ መጠጦችና የጡት ወተት

በጎንደር ከተማ ከአራዳ ገበያ ከሚሸመተው አብሽ፣ ተልባ፣ እንስላልና ጦስኝ የተወሰነው የሚሄደው ወደ አራስ ቤት ነው፤ በከተማውም ሆነ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ደጋ አንዲት እናት ወተት አንሷታል በተባለ ጊዜ የቤቱ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ትኩስ የሚጠጣ ነገር ማዘጋጀትን ነውና። ይህ ልማድ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአማት ወደ ምራት ሲተላለፍ የኖረ ሲሆን፣ በውስጡ ሊጠበቅ የሚገባው ብዙ ጥበብ፣ ሊታረም የሚገባውም ጥቂት ስሕተት ይገኛል። የዛሬው ዝግጅት የጡት ወተት እንዴት እንደሚመነጭ፣ ለአራስ የሚሰጡት የዕፅዋት መጠጦች ምን እንደሚጠቅሙና የት ላይ እንደሚጎዱ፣ ወተት በእርግጥ ሲያንስም ምን መደረግ እንዳለበት በቅደም ተከተል ያብራራል።

መጠጦቹን ለመመዘን አስቀድሞ የወተትን አመጣጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ሴት በፀነሰች ጊዜ ጡቷ ወተት ለመሥራት ይዘጋጃል፤ ነገር ግን ከእንግዴ ልጅ የሚመነጨው ፕሮጀስትሮን የተባለ ሆርሞን ብዛት ያለው ወተት እንዳይፈስ ይገታዋል። ሆርሞን ማለት አንድ የሰውነት ክፍል አመንጭቶ በደም አማካይነት ወደ ሌላው የሚልከው መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገር ነው። ሕፃኑ ተወልዶ እንግዴ ልጁ ሲወጣ ይህ ሆርሞን በፍጥነት ይቀንሳል፤ በዚህም የተነሣ ከሁለት እስከ አራት ባሉት ቀናት ውስጥ ጡት ይሞላል። እስከዚያ ድረስ የሚወጣው ወፍራምና ቢጫማ ፈሳሽ እንገር ይባላል፤ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም የአራስ ሕፃን ጨጓራም ትንሽ በመሆኑ በቂ ነው፤ በሽታን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች በብዛት ስላሉበትም ሊታለብና ሊደፋ ፈጽሞ አይገባም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጡት አለመሙላቱ የተፈጥሮ ሥርዓት እንጂ የወተት እጥረት ምልክት አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ ግን ተደናግጦ ሌላ ነገር መስጠት የሚጀምረው በእነዚህ ቀናት ነው።

ጡት ከሞላ በኋላ የወተቱን መጠን የሚወስነው የሕፃኑ መጥባት ነው። ሕፃኑ በሳበ ቁጥር ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ይመነጭና ጡቱ ለሚቀጥለው ጊዜ ወተት እንዲሠራ ያዝዛል፤ ይህ ሆርሞን በሌሊት ከፍ ስለሚል የሌሊት ማጥባት ለወተት ብዛት ልዩ ጥቅም አለው። ሁለተኛው ሆርሞን ኦክሲቶሲን ሲሆን፣ በጡት ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የወተት ከረጢቶች ጨምቆ የተሠራውን ወተት ወደ ጡት ጫፍ ይገፋል። ፕሮላክቲን ወተት ሲሠራ ኦክሲቶሲን ያፈሳል ማለት ነው። ኦክሲቶሲን በሕመም፣ በፍርሃትና በጭንቀት ሲዳከም በዕረፍትና በመረጋጋት ይበረታል፤ ጡቷ ሞልቶ ሳለ ወተቱ አልወርድ የሚላት እናት የምታጋጥመውም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ጡት ሳይጠባ ሞልቶ ሲቆይ በራሱ በጡቱ ውስጥ ሥራ የሚያዘገይ ምልክት ይፈጠርና ወተቱ ይቀንሳል። ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው፤ የተጠባ ጡት ይሠራል፣ ያልተጠባ ጡት ይቀንሳል። አራስ ሕፃን በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አራስ ቤት ስንመለስ፣ በጎንደርና በአካባቢው ደጋ የአራስ እንክብካቤ ሥርዓት ያለው ነው። እናቲቱ እንደ ተገላገለች ገንፎ ይገነፋል፤ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይጠይቃል፤ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ፣ ይኸውም ለወንድ ልጅ እስከ 40፣ ለሴት ልጅ እስከ 80 ቀን፣ አራሷ በተቻለ መጠን ከከባድ ሥራ ተጠብቃ አጥሚት፣ አብሽ፣ ተልባና ቅቤ ያለበት ምግብ ይቀርብላታል። ደባርቅን የመሰሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች በብርዳቸው የታወቁ ስለሆኑ የሚሰጠው መጠጥ ትኩስ መሆኑ ተፈጥሯዊ ነው። ይህን ሥርዓት ከሳይንሱ ጋር ያስተያየ ሰው ጥቅሙ በመጠጡ ውስጥ ካለው ቅመም ይልቅ በአጠቃላይ እንክብካቤው ላይ እንደሚያመዝን ይረዳል፤ የተኛች፣ የጠገበች፣ ያልተጨነቀችና ከልጇ ያልተለየች እናት ደጋግማ ታጠባለች፤ ኦክሲቶሲኗም ያለ እንቅፋት ይሠራል። አብሹን የምትመታላት አማት ወይም እህት በዚያው ሰዓት ውሃውን ቀድታላት፣ ድስቱን ጥዳላት፣ ትልልቆቹን ልጆች ይዛላት ከሆነ፣ ከአብሹ ጋር ጊዜና ዕረፍት ሰጥታታለች።

ከዕፅዋቱ መካከል በሀገራችንም ሆነ በዓለም ለወተት ማብዣነት በስፋት የሚታወቀው አብሽ ነው። አብሽ እንደ ሽምብራና እንደ ባቄላ ከጥራጥሬ ወገን የሆነ ተክል ሲሆን፣ በግብፅ፣ በየመን፣ በሕንድና በቱርክ ያሉ እናቶችም ከጥንት ጀምሮ ይጠጡታል። በእኛ ዘንድ የተለመደው አዘገጃጀት የተፈጨውን አብሽ በውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ምሬቱ እንዲወጣ ላዩ ላይ የቀረረውን ውሃ መድፋት፣ ከዚያም የወፈረውን አረፋ እስኪያወጣ ድረስ መትቶ በማር ወይም በስኳር ማጠጣት ነው። ሌላው መንገድ ፍሬውን እንደ ሻይ በፈላ ውሃ ዘፍዝፎ ማጣራት ነው። በአብሽ ውስጥ ውሃ ሲነካው የሚያብጥና የሚያሟልጭ አሰር፣ እንዲሁም ከሴት ሆርሞን ጋር በቅርጽ የሚቀራረቡ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ወተት ያበዛል የሚለው ግምት በተለይ ከእነዚህ ከኋለኞቹ ጋር ይያያዛል።

ሳይንሳዊው ማስረጃ ምን ያህል ጠንካራ ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሚዛናዊ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ የቱርክ ጥናት 66 እናቶችና ሕፃናት በሦስት ተከፍለው፣ አንዱ ክፍል አብሽ ያለበት የዕፅዋት ሻይ፣ ሌላው የማመሳከሪያ ሻይ ሲጠጣ፣ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም፤ የአብሹን ሻይ የጠጡት እናቶች ወተት በልጦ ተገኘ፤ ልጆቻቸውም ሲወለዱ ወደ ነበራቸው ክብደት ቀድመው ተመለሱ። ይሁን እንጂ አንድ አነስተኛ ጥናት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። በዓለም ላይ የተደረጉ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምገማ፣ ቢያንስ ከ17 ሀገሮች የተውጣጡ 3,005 እናቶች የተሳተፉባቸውን 41 ጥናቶች ከመረመረ በኋላ፣ ወተት ያበዛሉ የተባሉት ዕፅዋት ሊጠቅሙ ቢችሉም ማስረጃው እጅግ ደካማ መሆኑን፣ አንዱ ከሌላው ይበልጣል ለማለትም እንደማይቻል አስታውቋል። በተጨማሪም በእኛ ቤት የሚመታው አብሽ በጥናቶቹ ውስጥ ከተሰጠው ሻይ ወይም እንክብል ጋር በአዘገጃጀትም በመጠንም አንድ አይደለም፤ የቀረረው ውሃ ሲደፋ ምሬቱ ብቻ ሳይሆን በውሃው የሟሟው ሁሉ አብሮ ይሄዳልና። ስለዚህ በምግብ መጠን የሚጠጣ አብሽ ለጤነኛ አራስ መልካም መጠጥ ነው፤ የወተት እጥረትን የሚያድን መድኃኒት ተብሎ ግን ተስፋ ሊጣልበት አይገባም።

አብሽ ጥንቃቄም ይፈልጋል። የደም ስኳርን ዝቅ የማድረግ ኃይል ስላለው የስኳር ሕመም መድኃኒት የምትወስድ እናት አብዝታ ብትጠጣ ስኳሯ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል፤ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የምትወስድ እናትም ሐኪሟን ሳታማክር መጠጣት የለባትም። ሽምብራ ወይም ኦቾሎኒ አለርጂ የሚያስነሣባት ሴት በአብሽም ልትታመም ትችላለች። አንዳንድ እናቶች ሆዳቸው ይነፋል ወይም ተቅማጥ ይይዛቸዋል፤ የእናቲቱም ሆነ የሕፃኑ ላብና ሽንት የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ በራሱ ጉዳት ባይሆንም እምብዛም ከማይከሰት አንድ የሕፃናት ሕመም ሽታ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሕፃኑን የሚመረምር ባለሙያ እናቲቱ አብሽ መጠጣቷን ማወቅ ይኖርበታል። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ አብሽ ማሕፀን ሊያነሣሣ ስለሚችል በብዛት ልትወስደው አይገባም፤ አብሽ የአራስ መጠጥ የተባለው ከወሊድ በኋላ ላለው ጊዜ ነውና።

ከአብሽ ቀጥሎ የሚነሡት እንስላል፣ ጦስኝና ዝንጅብል ናቸው። የእንስላል ሻይ በብዙ ሀገር ሆድ ለማለዘብና ወተት ለማብዛት ይጠጣል፤ በቀን አንድ ሁለት ስኒ ለእናቲቱ የማይከብድ ሲሆን፣ ከመጠን ሲያልፍ ግን ጉዳት አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 ከጣሊያን በቀረበ የሕክምና ዘገባ ላይ እንደ ተገለጸው፣ እንስላልና ሌሎች ዕፅዋት የተቀላቀሉበትን ሻይ በቀን ከሁለት ሊትር በላይ ይጠጡ የነበሩ ሁለት እናቶች ልጆቻቸው ፈዘዙ፣ ሰውነታቸው ላላ፣ መጥባትም አቃታቸው፤ ሻዩ ሲቆም ሕፃናቱ ተሻላቸው። ይህ ዘገባ እናት የምትጠጣው ነገር በወተቷ በኩል ወደ ልጇ እንደሚደርስ በግልጽ ያስተምራል። በስሜን ተራሮች አካባቢ በቅሎ የሚገኘው የሀገራችን ጦስኝ ለሻይና ለቅመም የሚውል፣ ለብርድና ለሳል የሚወደድ ዕፅ ሲሆን፣ መዓዛውን የሚሰጡት ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉት ዘይቶች ናቸው፤ ቀለል ያለ የጦስኝ ሻይ አራስን ያሞቃል፣ ፈሳሽም እንድታገኝ ያግዛታል፤ የተጨመቀው ዘይቱ ግን በአፍ ሊወሰድ አይገባም። ዝንጅብልን በተመለከተ በታይላንድ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በወሊድ ሦስተኛው ቀን ዝንጅብል የወሰዱ እናቶች ወተት በልጦ ቢያገኝም፣ በሰባተኛው ቀን ልዩነቱ ጠፍቷል። ይህም የመጀመሪያውን ግፊት ቅመም ሊያግዘው ቢችል እንኳ፣ ወተቱን የሚያዘልቀው መጥባት መሆኑን ከላይ ከተባለው ጋር የሚያስማማ ውጤት ነው።

አጥሚትና ተልባ ከሻይ ይልቅ ወደ ምግብ የሚጠጉ መጠጦች ናቸው፤ ጥቅማቸውም በዚያው ልክ ተጨባጭ ነው። የምታጠባ እናት በቀን ከ700 እስከ 800 ሚሊ ሊትር የሚደርስ ወተት የምታፈስ በመሆኑ ከወትሮው ምግቧ በላይ 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋታል፤ ኪሎ ካሎሪ ምግብ ለሰውነት የሚሰጠው ጉልበት መለኪያ ነው። ከአጃ ወይም ከገብስ ዱቄት ተበጥብጦ ቅቤና ማር ወይም ወተት የገባበት አጥሚት ይህን ጉድለት ለመሙላት ከሚረዱ መጠጦች አንዱ ነው። የታመሰና የተወቀጠ ተልባ ደግሞ ጠቃሚ ቅባትና አሰር ስላለው ከወሊድ በኋላ ብዙ ሴቶችን የሚያስጨንቀውን የሆድ ድርቀት ያለዝባል። ስለ ፈሳሽ መታወቅ ያለበት ሌላው ነገር፣ እናት ጥሟን የሚቆርጥ ያህል መጠጣት እንዳለባት፣ ከጥሟ በላይ በግድ መጠጣት ግን ወተት እንደማይጨምር ነው፤ አራሷን ሆዷ እስኪወጠር ማጠጣት ለምግብ የሚሆን ቦታ ያሳጣታል።

ወተት ያበዛል ከሚባሉት መጠጦች መካከል በግልጽ መታረም ያለበት ጠላ ነው። ገብስ ያለበት መጠጥ ወተት ያመጣል የሚለው እምነት በጎንደር ብቻ ሳይሆን ቢራ ለአራስ በሚሰጥባቸው የአውሮፓ ሀገሮችም የቆየ ነው። በፊላደልፊያ የሚገኘው የሞኔል የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባካሄዳቸው ሙከራዎች ግን እናቶች አልኮል በጠጡ ጊዜ ሕፃናቱ በቀጣዮቹ ሰዓታት የጠቡት ወተት በአንድ አምስተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል፤ አልኮል ኦክሲቶሲንን ስለሚገታ ወተቱ አይወርድምና። እናቲቱ ጡቷ የሞላ ሊመስላት ይችላል፤ የሞላው ግን ሳይፈስ ቀርቶ ነው። አልኮሉም ወደ ወተቱ ስለሚያልፍ ጠላም ሆነ ጠጅ ለወተት ማብዣ መሰጠት የለበትም፤ ገብሱ ከተፈለገ በአጥሚት ወይም በበሶ ይገኛል። ቡናም ልክ ያሻዋል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለምታጠባ እናት የሚመክረው በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ካፌይን ሲሆን፣ ካፌይን እንቅልፍ የሚከለክለው የቡና ንጥረ ነገር ነው፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ አቦል፣ ቶናና በረካ እየተባለ የሚደጋገም ቡና ሕፃኑን ሊያነጫንጭና እንቅልፍ ሊነሣ ይችላል። ቡናም ሆነ ጥቁር ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ብረት የተባለውን ማዕድን ከምግብ በበቂ እንዳያገኝ ስለሚያደርግ፣ በወሊድ ጊዜ ደም ለፈሰሳት እናት ከምግብ ራቅ አድርጋ መጠጣቷ ይሻላታል።

ከሁሉም የጠበቀው ጥንቃቄ መጠጡ ለማን እንደሚሰጥ ነው። እስካሁን የተነገረው ሁሉ ለእናት የሚሆን ነው፤ ለሕፃን ከስድስት ወር በፊት ከጡት ወተት በቀር ውሃም፣ የአብሽ ውሃም፣ የእንስላል ሻይም፣ ለጋ ቅቤም፣ የስኳር ውሃም አይሰጥም። ሁለት ጉዳት አለውና፤ አንደኛ የሕፃኑን ትንሽ ጨጓራ ስለሚሞላ መጥባቱን ይቀንሳል፤ መጥባቱ ሲቀንስ ወተቱ ይቀንሳል፤ ወተት አንሷል ተብሎ የተጀመረው ነገር ራሱ እጥረቱን ይፈጥራል። ሁለተኛ ለተቅማጥ የሚዳርግ ጀርም በውሃውና በዕቃው በኩል ይገባል። ማር ደግሞ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ቦቱሊዝም የተባለውን ነርቭ የሚያሽመደምድ ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል በጣት እንኳ ሊቀመስ አይገባም። ጤና አዳም በቡናና በአይብ ላይ የተወደደ ቅጠል ቢሆንም፣ ማሕፀን የሚያነሣሣና በብዛት ሲወሰድ የሚመርዝ ስለሆነ፣ ለሆድ ቁርጠት ተብሎ ለሕፃን መጨመቁ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶ ያህሉ የጡት ወተት ብቻ እንደሚያገኙ አሳይቷል፤ ይህ ብዙ እናቶች የተሳካላቸው መሆኑን ቢመሰክርም፣ ከአሥሩ አራት የሚሆኑ ሕፃናት በዚያን ጊዜ ሌላ ነገር ይሰጣቸው እንደ ነበር ያስገነዝባል።

የጎንደር አካባቢ እናቶች ሌላው ጉዳይ ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም ሲመጣ ብዙ የሚያጠቡ እናቶች እስከ ተወሰነ ሰዓት ሳይበሉ ይቆያሉ፤ የእንስሳት ተዋጽኦም ይተዋሉ። የጠነከረ ረኀብ ሲደጋገም ወተቱ ባይቋረጥ እንኳ እናቲቱ ከራሷ ሰውነት እየሰጠች ትደክማለች። በዚህ ረገድ ከንስሐ አባት ጋር ቀድሞ መመካከር ነገሩን ያቀለዋል፤ የጾም ምግብ ብቻ የምትበላ እናትም ሽሮ፣ ምስር፣ ሥልጆ፣ ሱፍ፣ ተልባና ጎመን አዘውትራ፣ በቀን ተጨማሪ ጊዜ እየተመገበች ጉድለቱን መሙላት ትችላለች።

ወተት በእርግጥ ማነሱ የሚታወቀው ሕፃኑን በማየት ነው። ማልቀሱ፣ ቶሎ ቶሎ መፈለጉ ወይም ጡት መለስለሱ ማስረጃ አይሆንም፤ በተለይ ሕፃን በፍጥነት በሚያድግባቸው ሳምንታት አብዝቶ የሚጠባው የሚያስፈልገውን ወተት ራሱ እያዘዘ ስለሆነ፣ መልሱ ደጋግሞ ማጥባት ብቻ ነው። ከተወለደ አምስተኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ፈዘዝ ያለ ሽንት የሚሸና፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የተወለደበትን ክብደት መልሶ የሚያገኝ፣ ከዚያም በወር ቢያንስ 500 ግራም የሚጨምር ሕፃን በቂ ወተት እያገኘ ነው። ሽንቱ ከስድስት ጊዜ ካነሰና ከወፈረ፣ ክብደቱ ካልጨመረ፣ ሕፃኑ ከፈዘዘ ወይም ለመጥባት ካልነቃ ግን አብሽ እስኪደርስ መጠበቅ ሳያስፈልግ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ግዴታ ነው።

ለወተት ማነስ ዋነኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ የአያያዝ ስሕተት ነው። ሕፃኑ የጡቱን ጫፍ ብቻ ሲይዝ ጡት ይቆስላል፣ ወተትም አይሳብም፤ በትክክል የያዘ ሕፃን አፉን በሰፊው ከፍቶ በጫፉ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ክፍል አብዛኛውን ያጠቃልላል፤ አገጩም ጡቱን ይነካል። ከዚህ ሌላ በማሕፀን የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ፣ በወሊድ ጊዜ የፈሰሰ ብዙ ደም፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመምና ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ወተትን ይቀንሳሉ፤ እነዚህን መርምሮ የሚለየው ባለሙያ እንጂ ሻይ አይደለም። ለዚህ የሚረዳ ሰው ሩቅ አይደለም፤ በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ባለሙያዎች አሰማርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር አዋላጆችንና ሐኪሞችን ያሠለጥናል። ደሞዝተኛ እናት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ዕረፍት ያላት ሲሆን፣ ይህ ከስድስት ወር ስለሚያንስ ወደ ሥራ ከመመለሷ በፊት ወተቷን በንጹሕ እጅ እያለበች በንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥን መለማመድ ይኖርባታል፤ የታለበ ወተት ሞቃት ባልሆነ ክፍል ውስጥ እስከ አራት ሰዓት ይቆያል፤ ማለቡም ጡቱ ሥራውን እንዳያቆም ያደርጋል።

እንግዲህ አብሹም፣ ተልባውም፣ ጦስኙም በአራስ ቤት ቦታቸው የተጠበቀ ይሁን፤ በልክ ይጠጡ፤ ለእናት እንጂ ለሕፃን አይሰጡ፤ ጠላው ግን ከዚህ ወገን ይውጣ። ባል፣ አማት፣ እናትና ጎረቤት ወተት እንዲበዛ ከልብ የሚፈልጉ ከሆነ ለአራሷ የሚሰጡት ትልቁ ነገር ጊዜ ነው፤ እንጨቱን፣ ውሃውንና ድስቱን ተረክበው በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ያለ ሐሳብ እንድታጠባ ቢያደርጓት፣ በሌሊትም ሕፃኑን ከጎኗ ቢያቀርቡላት፣ የወተቱ ምንጭ ራሱ ሕፃኑ ነውና የሚያስፈልገውን ያህል ያመጣል።